ማን ነገረው?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ጊዮርጊስ ለሚያቀና ሰው ዶሮ ማነቂያ ሩቅ አይደለም። አልነበረም ማለት ይሻላል፤ ሰፈሩ ፈርሷል። በልጅነቴ እዚያ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ፣ «አዋቂ» የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ጠንቋይ ብሎ የሚጠራው አልነበረም፤ ጠንቋይ የሚባለው ሌላ ሰው የሚሄድበት ነው፣ እኛ የምንሄድበት አዋቂ ይባላል። ሰውዬው ቀድሞ ሞተ እንጂ ቡልዶዘሩ በሕልሙ ታይቶት እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን እዚያ ስትወስደው አብሬ ሄድኩ። ወንድሜ 11 ዓመቱ ነበር። ድንገት ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። በወደቀ ቁጥር ጎረቤት ተሯሩጦ ክብሪት ይጭርና ጭሱን ያሸተዋል። እንዲህ ያለው ጥቃት ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስድ ነበር።

አዋቂው ግቢ ተራ የሚጠበቀው በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ሴት እናቴ አጠገብ ነበረች። «የእኔ እህት፣ ልጁ ምን ሆኖብሽ ነው?» አለቻት። የሚሰማት ሰው አጥታ የከረመችው እናቴ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ልጁ መጀመሪያ የወደቀው ቀበና ወንዝ ዳር ሲጫወት መሆኑን፣ ከአባቴ እህት ጋር በቤት ውርስ መቀያየማቸውን። ሴትዮዋ ጥቂት ቆይታ «ውሃ ልጠጣ» ብላ ተነሣች።

ተራችን ደረሰና ገባን። እጣኑ ይጨሳል፤ ሰውዬው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ገና ሳንቀመጥ «ውሃ ዳር ነው የያዘው» አለ። ቀጥሎም «በቤት ነገር ያኮረፈች ሴት አለች፤ ባዕድ አይደለችም» አለ። እናቴ ተደፍታ መሬት ሳመች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከአክስቴ ጋር በአንድ ለቅሶ ቤት እንኳ መቀመጥ አቆሙ።

አክስቴ ግን ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ስሟ መነሣቱን እንደሰማች ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው ግቢ ሄደች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ያቺው ሴት ጠየቀቻት። አክስቴ በሕይወቷ አግብታ አታውቅም። «ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ነው» አለቻት። ስትገባ አዋቂው ምን አላት? «ባልሽን የያዘችው ቀይ ሴት ናት።» አክስቴ ከዶሮ ማነቂያ እስከ ቤታችን እየሳቀች መጣች። በራችን ላይ ቆማ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴም «ለአንቺ ቢሳሳት ለእኔ አልተሳሳተም» ብላ በሩን ዘጋች።

ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው የዚያ ግቢ አሠራር ዓለም አቀፍ መሆኑን ያወቅኩት። ፒተር ፖፖፍ የሚባል የአሜሪካ ሰባኪ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት የሕመምተኛውን ስም፣ ሕመሙን፣ የቤቱን አድራሻ ሳይቀር ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ራንዲ የተባለ የምትሃት ትርዒት አቅራቢ ከባልደረቦቹ ጋር የሬዲዮ መቀበያ ይዞ ጉባኤው ውስጥ ገባ። በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የሰማው የፖፖፍን ሚስት ድምፅ ነበር፤ ሕዝቡ ከጉባኤው በፊት የሰጠውን መረጃ ለባሏ በጆሮው ውስጥ በተሰካ ትንሽ መቀበያ ታነብለታለች። ቅጂው በቴሌቪዥን ተሰማ፤ በዓመቱ ሰውዬው ኪሣራ አወጀ። ከዓመታት በኋላ ግን ተመልሶ በቴሌቪዥን መጣ፤ ተከታይም አገኘ። ለአንቺ ቢሳሳት ለእኔ አልተሳሳተም የሚሉ እናቶች እዚያም አሉ ማለት ነው።

አክስቴ ያደረገችውን ደግሞ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በሥርዓት አድርጋዋለች። ኤሚሊ ሮዛ ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። ሕመምተኛውን ሳይነኩ በእጃቸው «የኃይል መስክ» እንዳስሳለን የሚሉ ፈዋሾችን ከካርቶን ግርዶሽ በስተጀርባ አስቀመጠች። ሁለት እጃቸውን በቀዳዳ ያሾልካሉ፤ እሷ እጇን ከአንደኛው በላይ ትይዛለች፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ይንገሩኝ ትላለች። 21 ፈዋሾች በ280 ሙከራ ያገኙት 44 በመቶውን ነው። ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱ እኩሌታ ገደማ ያገኙ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ስለ ጸሎት እየተናገርኩ አይደለም። ጠበል ሄዶ የሚጽናና ሰው መጽናናቱን ማንም አይነጥቀው፤ እኔም እሄዳለሁ። የምቃወመው «መድኃኒቱን ጣለው» የሚለውን ሰው ነው፣ ልብሱ ምንም ይሁን ምን። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ ጥቃት ሊያመጣ ይችላል፤ ያም ይገድላል። በሥራ ዘመኔ አንገታቸው ላይ አዲስ ክታብ እንዳሰሩ በቃሬዛ የመጡ ልጆች ተቀብያለሁ። አንዲት እናት ክኒኖቹን በማስታወሻ ወረቀት ጠቅልላ ይዛልኝ ነበር፤ አንዱም አልተነካም። «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብለውኝ ነው» አለችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ከተያዙት እስከ 70 በመቶው ተገቢ ሕክምና ቢያገኙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ከዋጋው ርካሽነት የተነሣ ማንም የማይፎክርበት ክኒን ነው።

ስለዚህ አንድ የማታውቁት ሰው ጉዳያችሁን ዘርዝሮ ሲነግራችሁ «እንዴት አወቀ!» ከማለታችሁ በፊት «ማን ነገረው?» በሉ። አግዳሚው ላይ ማን ነበር? ቅጹን ማን አስሞላችሁ? ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ምን ተናገራችሁ? ከአክስቴም ተማሩ፤ አንድ ውሸት ይዛችሁ ግቡና ውሸታችሁ ራእይ ሆኖ ይወጣ እንደሆነ እዩ።

ወንድሜ ክኒኑን የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው። 8 ዓመት አለፈው፤ ትምህርቱም አብሮ። በጥቂት ወራት ውስጥ መውደቁ ቀረ። እናቴ ምን አለች መሰላችሁ? «አዋቂው መንገዱን ስለጠረገለት ነው መድኃኒቱ የሠራለት።» አልተከራከርኳትም። ማታ ማታ ክኒኑን ከነውሃው ይዛ ደጁ የምትቆመው፣ እስኪውጥም የማትነቃነቀው እሷ ነበረች።

አመሰግናለሁ።