በዱሮ ወንዝ ላይ የሚነዝረው ብረት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በፖርቱጋል፣ በፖርቶ ከተማ በቆየሁባቸው አራት ቀናት የቀዳማዊ ዶም ሉዊሽን ድልድይ ሰባት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ ከሰባቱ ሳልፈራ የተሻገርኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ድልድዩ ባለ ሁለት ወለል ነው። የታችኛው ዱሮ ከሚባለው ወንዝ ብዙም ከፍ ሳይል የተዘረጋ ሲሆን፣ የላይኛው ደግሞ ግራና ቀኝ ዳርቻውን በ172 ሜትር ስፋት በሚያገናኝ የብረት ቅስት አናት ላይ ተቀምጦ ቀላል ባቡሩንና እግረኛውን አንድ ላይ ያሳልፋል። በመካከላቸው አጥር የለም፤ ባቡሩ ሲያንቃጭል ሰው ወደ ዳር ይጠጋል። እኔም ተጠግቼ መደገፊያውን ይዤ ስለነበር፣ ንዝረቱ ከመዳፌ ተነሥቶ ክርኔ ድረስ ሲወጣ ተሰማኝ፤ እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ራደ።

ማታ ስለ ብረቱ ማንበብ ያዝኩ። ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ጫናን ይችላል፣ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል፤ የዚህ ድልድይ ብረት ግን ግሎ የተመታና የተዳመጠ በመሆኑ ውስጡ እንደ ቃጫ ያለ ነው፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲነዝርም ይችላል። የነደፈው መሐንዲስ ቴዎፊል ሴሪግ ነው። ብዙ ሰው ግን የፓሪሱ የብረት ማማ የተሰየመለትን ኢፌልን ይጠራል፤ ሁለቱ ሸሪኮች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1877 የተመረቀውን የማሪያ ፒያን የባቡር ድልድይ እዚያው ወንዝ ላይ ሠርተው ነበርና። ይህኛውን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የተከፈተውን፣ ሴሪግ የነደፈው ከኢፌል ከተለየ በኋላ ለአንድ የቤልጅግ ድርጅት ነው። ስሙ መረሳቱ እኔን ባዕዱን እንኳ አስቆጭቶኛል።

በአራተኛው ቀን በሪቤይራ ሰፈር በኩል ወደ ወንዙ ዳር ስወርድ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ የአንድ እልቂት መታሰቢያ የሆነ የነሐስ ቅርጽ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1809 የማርሻል ሱልት የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ሲይዝ፣ ሕዝቡ በዚያ ዘመን ብቸኛ መሻገሪያው ወደነበረው፣ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ሳንቃ ወደተነጠፈበት ድልድይ ሸሸ፤ ድልድዩ አልቻለም፣ ውኃ የበላቸውም በሺዎች ይገመታሉ። ከቅርጹ ሥር ሻማ ይበራል። አንዲት አሮጊት ነፋስ ያጠፋባቸውን ሻማ መልሰው ሲለኩሱ አየሁ፤ ባቡሩ ከበላያችን እያጓራ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ሻማቸው እስኪይዝ ጠብቄ፣ ደረጃውን ወጥቼ ሰባተኛውን ጊዜ ተሻገርኩ።