እናቴ ለይታ ያስቀመጠችው ድስት

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንጌልን ይዛችሁ ወደ ባሕር ማዶ ልትሄዱ የተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ያደግሁት እዚሁ ደሴ ነው። በእናቴ ማጀት ክዳኑ በነጭ ጨርቅ የታሰረ አንድ ድስት ነበር። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። በፋሲካ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲመጡ በጉን ከእነርሱ አንዱ ያርዳል፤ ወጡም በዚያ ድስት ይሠራል። በዒድ ደግሞ እነርሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ልጅ ሳለሁ የእኛን ወጥ ያወጣሁበትን ጭልፋ ወደዚያ ድስት ልነክር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ይህ የአደራ ድስት ነው» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አድጌ፣ ተምሬ፣ ጾሜና ጸልዬ ወደ ሰሜን ሕንድ ሄድሁ። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼን ለመጋበዝ ከጎረቤቴ ከአንዲት እናት ሰፊ ድስት ተዋስሁ። ቤተሰቡ ሥጋ ይቅርና እንቁላል እንኳ አይቀምስም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። እናቴ በላከችው በርበሬ ዶሮ ወጥ ሠራሁበት። እስኪያብረቀርቅ አጥቤ መለስሁ። ሴትዮዋ ሽታው አጠራጥሯቸው ምን እንደሠራሁ ጠየቁኝ፤ በደስታ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ድስቱን ከደጃፉ ውጭ አስቀመጡትና ገቡ። አቧራ እየለበሰ ብዙ ቀን እዚያው ቆየ፤ እኔም በየጠዋቱ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

የወሎ ልጅ ሆኜ እንዴት ይህ ጠፋኝ? ብዙ አስቤበታለሁ። መልእክተኛ ነኝ ብዬ ስሄድ ጎረቤትነቴን እቤት ትቼው ሄጄ ነበር። ሰጪ ሆኜ እንጂ እንግዳ ሆኜ አልሄድሁም። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ከዚህ ይጀምር እላለሁ፦ እዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ውስጥ እምነቱ ከእናንተ እምነት የተለየ ጎረቤት አላችሁ። ለቅሶው ላይ ተቀመጡ፤ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ፤ የሚያምንበትን ከራሱ አንደበት ስሙ። ስለ ጌታ መመስከር አታፍሩ፤ እኔም አላፍርም። ነገር ግን የሰውን አደራ የማይጠብቅ አፍ ሲመሰክር ማን ይሰማዋል?

ቀጥሎ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት፣ ቢቻል ሁለቱን፣ ለቋንቋ ስጡ። ሂንዲ እንደ እኛ «አንተ»ና «አንቱ» አለው፤ እንዲያውም ቱ፣ ቱም፣ አፕ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። እኔ ለመስበክ ቸኩዬ በ«ቱም» ብቻ ተንቀሳቀስሁ። አንድ ነጭ ሽበት ያላቸውን አባት በአደባባይ «ቱም» ብዬ ጠራሁ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌን «አንተ» ብሎ የሚጠራ ወጣት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

በእኛው ምድር ያለፈ አንድ ሰው ላንሳላችሁ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ተነስቶ በወሎ ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የተባለው የአካባቢው ገዥ ንብረቱን ገፈፈው። ባዶ እጁን እስከ ምፅዋ ተጓዘ። በ1844 ሞምባሳ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ። በዚያው ዓመት የኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ጀመረ፤ የስዋሂሊ ሰዋስው መጽሐፉም በ1850 ታተመ። ሐዘን የደቆሰው ሰው ቁጭ ብሎ የሌላውን ሕዝብ ግስ ሲያረባ ይታየኛል። ከዚህ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተምሩ ነበር፤ ወደ ሸዋ ተመልሰው የሰበኩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ለዓመታት ተምረዋል። መዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ወሰደብን ብላችሁ አትዘኑ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ቪዛ ስትጠይቁ የምትሄዱበትን ምክንያት አትዋሹ፤ በውሸት የተከፈተ በር ከእናንተ በኋላ በሚመጡት ላይ ይዘጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ ካርዱም ከፓስፖርታችሁ አይለይ። ደጋ ያደገ ሰው ወደ ቆላ አገር ሲሄድ ወባን አይናቅ።

እድራችሁን ግን ከወረቀት አልቆጥረውም። የእድር መዋጮ ማን እንደሚከፍልላችሁ ሳትወስኑ አትሂዱ። እኔ ሕንድ እያለሁ አባቴ አረፈ፤ ለቀብሩ አልደረስሁም። ድንኳኑን የተከለው እድራችን ነው። ለሙስሊም ለቀስተኞች የሚሆነውን ምግብ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠሩ፤ የሠሩትም በዚያው በእናቴ ድስት እንደሆነ በስልክ ነገረችኝ። ሺህ ስብከት ከማዳመጥ ይልቅ ያጽናናኝ እርሱ ነው።

አሁን የሚሄዱት ልጆች ወደ ፊት ውጡ። እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ቅረቡ፤ እጃችሁን ጫኑባቸውና እንደ አገራችን ወግ መርቋቸው።