ቃታ ከመሳቡ በፊት ያሉት ሰዓታት

ክቡራን የፖሊስ አዛዦች፣ አሠልጣኞችና ዐቃብያነ ሕግ፤

ፖሊስ ሰው በገደለ ቁጥር ክርክሩ የሚሽከረከረው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ዙሪያ ነው፤ ተጠርጣሪው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ ወይስ አልሰደደም? ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አባሉን እዚያች ሴኮንድ ውስጥ የከተተው ምንድን ነው የሚለው ይቀድመዋል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሰዓታት በፊት በተፈረመው የግዳጅ ዕቅድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የብሪታንያ ወታደሮች ጂብራልታር ውስጥ ቦምብ ሊያፈነዱ ነው ብለው ያመኑባቸውን ሦስት ሰዎች ተኩሰው ገደሉ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1995 ጉዳዩን ሲወስን ወታደሮቹ በቅንነት እንደዚያ አምነው እንደነበር ተቀበለ። ሆኖም በ10 ለ9 ድምፅ መንግሥትን ጥፋተኛ አደረገ። ተጠርጣሪዎቹን ድንበር ላይ መያዝ እየተቻለ እንዲገቡ ተደርጓል፤ ግምት የነበረው መረጃም ለተኳሾቹ እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ተነግሯቸዋል። ለዕቅድ አውጪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ፍርድ አላውቅም። «ታጥቋል ተብሎ ይጠረጠራል» እና «ታጥቋል» በሬዲዮ ሲተላለፉ በቀላሉ አንድ ይሆናሉና።

የሕጉ መለኪያ ግልጽ ነው። በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መሠረታዊ መርሆዎች፣ ሆን ብሎ መግደል የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላሉ። የወሮበላ ቡድን አባል መሆን፣ በሰውነት ላይ የተነቀሰ ምልክት፣ የቀድሞ የግድያ ክስ፣ አንዳቸውም በራሳቸው ለመተኮስ አያበቁም። መሸሽም እንዲሁ።

ወደ ሥራው ልግባ። በሌሊት በር ሰብሮ መግባት የብዙ አዛዦች የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ለእኔ ግን የመጨረሻው መሆን አለበት። የቡድን አባል በሌሊት የሚጠብቀው ፖሊስን ሳይሆን ተቀናቃኙን ነው። በሩ ሲሰበር ተኩሶ የሚቀበለው ለዚህ ነው። ክፍሎቹን የሚያውቀው እሱ ነው፣ መሣሪያው አጠገቡ ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ልጆች ተኝተው ሊሆን ይችላል፤ የሽጉጥ ጥይት ደግሞ ስስ ግድግዳን በስቶ ያልፋል። የሰውየውን መውጫና መግቢያ ለጥቂት ቀናት አጥንቶ ውጭ፣ እጆቹ በሚታዩበት ቦታ መያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም።

በመያዣው ቦታ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አንዱ «አትንቀሳቀስ!» ሌላው «እጅህን አውጣ!» ሲል ተጠርጣሪው የቱንም ቢታዘዝ ሌላውን መጣሱ ነው። አባላት ክብ ሠርተው አይቁሙ፤ ከቆሙ እርስ በርስ ይተኳኮሳሉ። ለመተኮስ እስኪወሰን ጣት ከቃታው ውጭ ይሁን፤ አንዱ እጅ ሰው ጨምድዶ ሲይዝ ሌላው እጅ ሳይታሰብ አብሮ ይጨበጣልና። ሁለት መርፌ ተኩሶ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሰውን የሚያሽመደምደውን መሣሪያ (ቴዘር) የያዘ አባል ከሽጉጡ በተቃራኒው ጎን ይታጠቀው። ይህ መሣሪያ ሁለቱም መርፌዎች ካልተሰኩ እንደማይሠራ፣ ወፍራም ጃኬት እንደሚያከሽፈው፣ በጣም ከተጠጉም ጡንቻን እንደማይቆልፍ ማወቅ አለበት።

ስለ ርቀት አንድ የተዛባ ነገር አለ። አሜሪካዊው የፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር በ1983 ቢላዋ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6.4 ሜትር ያህል፣ በ1.5 ሴኮንድ ገደማ እንደሚሮጥ አሳየ። መልእክቱ «ቀድማችሁ ራቁ፣ ከለላ ያዙ» የሚል ነበር። በየሥልጠናው ሲንከባለል ግን «በዚህ ርቀት ውስጥ ያለን መግደል ይቻላል» ወደሚል ተለወጠ። ወደኋላ መራቅና መኪናን መሐል ማድረግ እየተቻለ ወደ ቢላዋው የሚራመድ አባል የተኩሱን ምክንያት ራሱ እየፈጠረ ነው።

ጥብቅ ደንብ አባሎቻችንን ያስገድላል የሚል ስጋት አለ። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1972 የማስጠንቀቂያ ተኩስንና በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ የሚደረግ ተኩስን በእጅጉ ገደበ። ተኩሱ ቀነሰ፤ በአባላት ላይ የሚደርሰው አደጋ ግን አልጨመረም። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት አንድ ቦታ ይወድቃል፣ ሾፌሩ የተመታ መኪናም አይቆምም።

አሁን ወደ ቡድኖቹ። በቦስተን በ1990ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ጥናት የቡድን አባላቱ 1,300 ገደማ ነበሩ፤ ከከተማዋ የዕድሜ እኩዮቻቸው 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ቢያንስ 60 በመቶው የወጣቶች ግድያ ግን ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነበር። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የማኅበረሰብ ሠራተኞች በ1996 ቡድኖቹን ጠርተው ፊት ለፊት ነገሯቸው፦ ቀጥሎ የሚገድል ቡድን አባላቱ በሙሉ የሕጉ ክንድ ያርፍባቸዋል፤ መውጣት የሚፈልግ ደግሞ እርዳታ አለው። የወጣቶች ግድያ በወር በአማካይ በ63 በመቶ ቀነሰ። ዘዴው ሌላ ቦታ ሲከሽፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ግድያ ይፈጸምና የተነገረው እርምጃ አይመጣም፣ ወይም የተስፋው እርዳታ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የቡድኑ ልጆች ይህን ከእኛ ፈጥነው ይረዱታል።

ይህ ከተኩሱ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው በምስክር በኩል ነው። የቡድን ግድያ ያለ ምስክር እምብዛም አይረታም። አላግባብ የተገደለ አንድ ወጣት የሰፈሩን አፍ ይዘጋል፤ ያልተፈታው ግድያ ደግሞ በበቀል ይመለሳል።

ስለዚህ ከተኩስ በኋላ የሚሠራው ሥራ የወንጀል መከላከሉ አካል ነው። መጀመሪያ ደም ማቆም፤ ከትልቅ የደም ሥር የሚፈስ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ማሰሪያውም በእያንዳንዱ አባል ወገብ ላይ መኖር አለበት። ከዚያ ቦታውን ማጠር፣ ቀለሆችን ከወደቁበት ሳያነሱ ምልክት ማድረግ፣ የተኮሱትን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም አባላት ካዝና አውጥቶ ጥይት መቁጠር፣ የተኮሱትን እርስ በርስ ሳይነጋገሩ መለየት። ምርመራውን በዚያ ግዳጅ ዕዝ ሥር ያልነበረ አካል ይያዘው። ቤተሰብም መርዶውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በስም ከሚታወቅ መኮንን ይስማ፤ ያ መኮንን ማን እንደሆነ ግዳጁ ከመነሳቱ በፊት በዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።