«ማይልድ» የምትለዋ ቃል

እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ሰሞኑን ልቤ ድው ድው ሲልብኝ የልብ አልትራሳውንድ፣ ያው ኢኮ የሚሉትን፣ ታዘዘልኝ። በግራ ጎኔ ተጋደምኩ፤ ቀዝቃዛ ጄል ደረቴ ላይ ቀቡኝ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲንቦገቦግ ሳይ፣ ሰማያዊው የተበላሸ ደም መሰለኝ። ለካ ቀለሙ የሚያሳየው አቅጣጫ ነው፦ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ቀይ፣ የሚሸሸው ሰማያዊ።

ውጤቱን ከሐኪሙ በፊት አነበብኩት። «ማይልድ ማይትራል ሪገርጂቴሽን፣ ትሬስ ትራይከስፒድ ሪገርጂቴሽን፣ ግሬድ 1 ዳያስቶሊክ ዲስፈንክሽን።» «ማይልድ» የምትለዋን፣ ቀለል ያለ ማለት ናት፣ ዘልዬ የቀረውን ታቅፌ አደርኩ። ከሥር ደግሞ ኢጀክሽን ፍራክሽን 58 ከመቶ ይላል። ፈተና የወደቅኩ መሰለኝ!

በማግስቱ ሐኪሙ መጀመሪያ ያስረዱኝ ይሄንኑ 58 ነው። የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ ነው የሚለካው። መቶ የሚያመጣ ልብ የለም፤ 58 ጤነኛ ነው። በሌላ ቀን ሌላ ባለሙያ ቢለካው ጥቂት ነጥብ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ልቡ ምንም ሳይሆን።

ቫልቮቹስ? የልብ በሮች ሲዘጉ ትንሽ ደም ወደኋላ ሹልክ ይላል፤ ሪገርጂቴሽን የሚሉት ይሄንን ነው። ትራይከስፒድ በሚባለው በር በኩል ያቺ «ትሬስ» የምትባለው፣ እጅግ ጥቂቷ፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ትታያለች። ማይትራል በሚባለው በር የሚሾልከው ቀለል ያለ ሲሆንና የበሩ ቅርጽ ደህና ከሆነ፣ ልብም ካልሰፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሱ ተብሎ መድኃኒት አይታዘዝም። በሩን ሩማቲክ የልብ በሽታ ጎድቶት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ «ማይልድ» የተባለውም ክትትል ይፈልጋል። የኔ በር ቅርጹ ደህና ነው።

ሦስተኛዋ ላይ፣ «ግሬድ 1 ዳያስቶሊክ ዲስፈንክሽን» የምትለዋ ላይ፣ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። ልቤ ደም ለመቀበል ሲላላ ዘገም ይላል ማለት ነው። ዕድሜ ያመጣዋል፣ ደም ግፊትም ያመጣዋል።

«ግፊትዎን መቼ ተለኩ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

ቀጣዩ ኢኮ መቼ ነው ስላቸው፣ «ትንፋሽ ካጠረዎት፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ራስዎን ከሳቱ ቶሎ ይምጡ፤ ካልሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ይበቃል» አሉና ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠቀለሉት። 148 በ 92፤ ከፍ ያለ ነው። ስለ ቫልቭ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ጽፌ ሄጄ ነበር፤ ስለ ግፊት አንድም የለበትም።