አጥንቱማ ገጠመ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አንዳንድ ቃል ላይ ብኮላተፍባችሁ ማይክሮፎኑ አይደለም፣ ምላሴ ነው።

ዕጢዬ የወጣው መንጋጋዬ ተሰንጥቆ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ለአጥንቱ ነው፤ «በመጋዝ?» ይሉኛል። አዎ፣ በመጋዝ። ዕጢው ምላሴ ሥር ተደብቆ ስለነበር ከንፈሬና አገጬ ተቀዶ፣ መንጋጋዬ ከፊት ተቆርጦ እንደ በር ወደ ጎን ተከፈተ። ዘዴው የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሩ በፈረንጆቹ 1836 ገልጾታል።

እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ብዙም ሳያስቸግረኝ የዳነው አጥንቱ መሆኑ ነው። አጥንቱ ከመቆረጡ በፊት በኋላ መልሶ የሚያያይዘው ስስ የቲታኒየም ብረት ተለክቶ የብሎኖቹ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስለዚህ ሲመለስ የላይና የታች ጥርስ እንደ ድሮው ይገጥማል።

የከበደኝ መዋጥ ነው። ጤነኛ ሰው ሲውጥ ምላሱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፤ ሁሉም በቅጽበት፣ ሳያስበው። ለእኔ ግን እያንዳንዷ በትእዛዝ ሆነች። የመዋጥ ቴራፒስቷ «ትንፋሽህን ያዝ፣ ዋጥ፣ ወዲያው ሳል፣ ከዚያ ተንፍስ» ትለኛለች። መሳሉንማ እስኪበቃኝ ሳልኩ! ደግሞ ቀላል የመሰለኝ ውሃ ከሁሉ የባሰ ሆነ፤ ቀጭን ፈሳሽ ምላስ ሳይቆጣጠረው ሾልኮ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ወፈር ያለ ይሻላል።

አገጬ ደንዝዟል፣ ምግብ ቢቀርበት አይታወቀኝም። ባለቤቴ በዓይኗ ትጠቁመኛለች። ከሰው ጋር መብላት የጀመርኩት ከመናገር በጣም ዘግይቼ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። እኔም የጠየቅኩት ስለ ጠባሳው ነበር።

ከዚያ የጨረር ሕክምናው መጣ። በእሱ የተነሳ አፍ እየጠበበ ይሄዳል፤ በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ከ35 ሚሊሜትር ሲያንስ ሐኪሞች እንደ ችግር ይቆጥሩታል። ስስ እንጨቶችን ደራርቤ ጥርሴ መሃል እየሻጥኩ አፌን እዘረጋለሁ። ህመሙ ይቻላል፣ መሰልቸቱ ነው የማይቻለው። ሕክምና ልትጀምሩ ያላችሁ ካላችሁ፣ መዋጥ የሚያስተምራችሁ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቁ።

ጥርሳችሁንም ጨረሩ ሳይጀመር ታዩ። ጨረር ያገኘው መንጋጋ ላይ በኋላ ጥርስ ከተነቀለ ቁስሉ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ያ ያላስቸገረኝ አጥንት።