አንድ ነጥብ ለግማሹ ሜዳ

(ምስል፦ ጅማ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ። ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ተደርድረዋል።)

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ለዛሬው ጥያቄ እንዲመቸን፣ ጠራቢው አንድ በርጩማ በ1 ቀን፣ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር በ2 ቀን ይጨርሳል እንበል። ያለው 9 የሥራ ቀን ነው። በርጩማ ቶሎ ስለሚሸጥለት ደግሞ የወንበሩ ቁጥር ከበርጩማው እንዲያንስ ይፈልጋል። ታዲያ ከእያንዳንዱ ስንት ስንት ሊሠራ ይችላል?

በርጩማውን «በ»፣ ወንበሩን «ወ» እንበላቸው። ሁለት ኢንኢኳሊቲ (አንዱ ከሌላው ማነሱን ወይም መብለጡን የሚናገር ዓረፍተ ነገር) አገኘን፦

በ + 2ወ ≤ 9
ወ < በ

(ምስል፦ ግራፍ። «በ» ወደ ጎን፣ «ወ» ወደ ላይ። ነጥብ ሲጻፍ «በ» ይቀድማል።)

መጀመሪያ በ + 2ወ = 9 ብለን መስመሩን እንሥራ። (9፣0) እና (1፣4) ላይ ያልፋል። «≤» እኩልንም ስለሚፈቅድ መስመሩ ድፍን ነው። የምንቀባው ኢንኢኳሊቲውን የሚያሟሉት ነጥቦች ያሉበትን ጎን ነው። የትኛውን ጎን እንቀባ? (0፣0)ን እንሞክር፦ 0 ≤ 9። እውነት። (0፣0) ያለበትን ጎን በሙሉ እንቀባለን።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። አንድ ነጥብ ሞክረን ግማሹን ሜዳ የቀባነው በምን ድፍረት ነው? ከ9 በታች የነበረው በ + 2ወ ከ9 በላይ ለመሆን የግድ በ9 ማለፍ አለበት። 9 የሚሆነው ደግሞ መስመሩ ላይ ብቻ ነው። መስመሩን ካልተሻገርን መልሱ አይለወጥም። ብዙ ጊዜ «(0፣0)ን ሞክሩ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ምክንያቱን ያላየ ተማሪ ሁለተኛው ላይ ይሸወዳል።

ወ < በ። መስመሩ ወ = በ ነው፤ እኩል ስለማይፈቀድ የተቆራረጠ እናደርገዋለን። (0፣0)ን ብንሞክር 0 < 0፣ ሐሰት። «በቃ፣ ሌላኛውን ጎን ልቀባ» እንዳትሉ! ከየትኛው ሌላ? ነጥቡ ራሱ መስመሩ ላይ ነው። (4፣0)ን እንውሰድ፦ 0 < 4። እውነት። ከመስመሩ በታች ያለውን እንቀባለን።

(ምስል፦ ሁለቱ ቀለሞች ሲደራረቡ ይደምቃሉ።)

የሲስተሙ፣ ማለትም የሁለቱ ኢንኢኳሊቲዎች የጋራ መልስ፣ ቀለሞቹ የተደራረቡበት ቦታ ነው። (5፣2) ልክ 9 ቀን ይፈጃል፣ 2ም ከ5 ያንሳል፤ ገባ። (3፣3)ም 9 ቀን ነው፣ ግን 3 ከ3 አያንስም፤ ወጣ። (6፣2) 10 ቀን ይፈልጋል፤ እሱም ወጣ።

(4.5፣1)ስ? በሒሳቡ ገብቷል። ገበያ ላይ ግን ግማሽ በርጩማ ማን ይገዛል? ለጠራቢው የሚሆኑት ከዜሮ የማያንሱ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ግራፉ ላይ ቁጠሯቸው፤ 18 ነጥብ ታገኛላችሁ።