አረንጓዴው ዘር፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቀበሌ የመጣችሁ እንግዶች፣ የግብርና ባለሙያዎቻችን፣ ሌሊት ተነስታችሁ ዳቦውን የጋገራችሁ እናቶቻችን፣ እግዜር ይስጥልን። ምስጋናዬን ያሳጠርኩት ልቤ ሌላ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ነው።

የሠራነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጋዘኑ ጣሪያ ተጠግኗል። ለአሲዳማው መሬታችን ኖራ መጥቶ ተከፋፍሏል። እናቶች አኩሪ አተሩን በደንብ ቆልተው ከሽሮ እህል ጋር ማስፈጨት ለምደዋል። ሕያው ማዳበሪያውም፣ ያ ከዘሩ ጋር የምናሸው ባክቴሪያ፣ ዘንድሮ በጊዜው ደርሷል። ነሐሴ ላይ ከወጣቶቹ ጋር ከየማሳው አንዳንድ ተክል ነቅለን ሥሩን አየን። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር ስንሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀይ ነው። ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን እየሳበ ተክሉን ይመግባል ማለት ነው። አኩሪ አተር በቅሎበት በማያውቅ መሬት ይህ በራሱ አይመጣም። ዘሩን በጥላ ሥር አሽታችሁ፣ ፀሐይ ሳይነካው የዘራችሁ ናችሁ ያመጣችሁት። የዚያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ያ አረንጓዴ ዘር ነው።

ደንባችን ግልጽ ነው። ለአንድ ጥማድ 20 ኪሎ የአኩሪ አተር ዘር የተበደረ፣ ሲያመርት 25 ኪሎ ይመልሳል። ሁላችንም እጅ አውጥተን ያጸደቅነው ነው። አምና ኅዳር ላይ ግን ውርጩ ወረደ። የብዙ ሰው አኩሪ አተር ፍሬው ሳይበስል ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ከዚያ ምን ሆነ? አንዳንዶቻችን ያንኑ የተመታ ፍሬ ወቅተን፣ ሰፍረን፣ ዕዳችን ይኸው ብለን ወደ መጋዘን አመጣን። ኪሎው ሞልቷል። ፍሬው ግን አረንጓዴና ጭምድድ ያለ ነው።

ኮሚቴው አልቀበልም አለ። ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት በሰው ፊት፣ «አንተ ልጅ፣ ውርጩን እኔ ነኝ እንዴ ያመጣሁት?» አሉኝ። አላመጡትም። ያን ጊዜም እንደዚያ አላልኩም። ነገር ግን ከዚያ ፍሬ መቶ ቆጥረን፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው። በሳምንቱ ስንፈታው ግማሹ እንኳ አልበቀለም። ያን ተቀብዬ በሰኔ ለሌላ ድሃ ባበድር፣ የዚያ ሰው ማሳ ባዶ ሲቀር ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

የተቆጡት ሰዎች ቀሩ። ዛሬም አልመጡም። ወንበራቸው ይታየኛል። መጋዘኑ ስላልሞላ ባለፈው ሰኔ ዘር ፈልገው የመጡ አዳዲስ ወጣቶችን «የለም» ብለን መልሰናል። ከመካከላቸው ባሏ የሞተባት አንዲት እህት ነበረች። ጆንያዋን አጥፋ ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ። ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ስለ ውርጩ ራሱ እንነጋገር፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ይጀምራልና። አኩሪ አተር ሙቀት ወዳድ ነው። ፓዊ ላይ ቢያምርበት አይግረማችሁ፤ ፓዊ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። እኛ የምንኖረው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ዘሩ «በ100 ቀን ይደርሳል» ሲባል በሞቃት አገር ተቆጥሮ ነው። በእኛ ብርድ ያው ዘር 135 ቀን ይፈጃል። እስኪ አብረን እንቁጠር። ሰኔ 15 የተዘራ ጥቅምት 25 ይደርሳል። ሐምሌ 10 የተዘራ ግን ኅዳር 20 ይሆናል። በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሲያድር ምን እንደሚመጣ የእኛን አገር ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን ሐምሌ ላይ እንዘራለን? እንነጋገር እንጂ። በሬው መጀመሪያ ለበቆሎው ነው። ቀጥሎ ለጤፉ እርሻ ነው። አኩሪ አተሩ በተረፈው ቀን፣ በተረፈው መሬት ይዘራል። የተረፈው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ረባዳው ነው። ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል እየወረደ የሚተኛው እዚያው ረባዳው ላይ ነው። ተረተሩ ላይ የዘሩት አምና ተርፈዋል። ከታች የነበሩት ተቃጥለዋል። በመካከላቸው የነበረው አጥር ብቻ ነው።

ዘግይቶ የሚደርሰውን ዘር ከቆላ ዘመዶቻቸው ያመጡም አሉ። ምርቱ የበለጠ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ቆላ ላይ ይበልጣል። እዚህ ግን በቶሎ የሚደርሰው ቢያንስም ጎተራ ይገባል። ቡሬም ደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ ቆሟል፤ ገበያው እየቀረበን ነው። ነገር ግን አረንጓዴ ፍሬ ዘይቱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ነጋዴ ሲያየው ዋጋ ይቆርጣል።

ዘንድሮ በወንፈል ተባብረው እስከ ሰኔ አጋማሽ የዘሩት ቡድኖች አሉ። የእነሱን ፍሬ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነዋል። ወጥታችሁ በእጃችሁ ንኩት። ቢጫ፣ ክብ፣ ድፍን ነው። የወቁትም በበሬ አስረግጠው ሳይሆን በዱላ ቀስ ብለው ነው፤ የአኩሪ አተር ቆዳ ስስ ስለሆነ ከተሰነጠቀ አይበቅልም። እነዚህን ሰዎች ሳይ ኮራሁ። እዚህ ብርድ ላይ ይቻላል።

አሁን ላልመጡት ልናገር። እዚህ ያላችሁ ጎረቤቶቻቸው አድርሱልኝ። ዘሩን በመመለሴ አልጸጸትም። የተጸጸትኩት በሰው ፊት በመመለሴ ነው። ቤታቸው ሄጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ጨርቁን ፈትቼ ማሳየት ነበረብኝ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ እንደዚያ መቆም አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ። እርሳቸውም ግን ይስሙኝ፤ ያች እህት በሰኔ እንደገና ትመጣለች። የምሰጣት ዘር ያስፈልገኛል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ውርጭ የመታው ሰው ዕዳው ለአንድ ዓመት ይተላለፍለት፤ በተመታ ፍሬ ግን አይከፈል። ሁለተኛ፣ ከሰኔ 20 በኋላ የዘር ብድር አይሰጥ። ሁለተኛውን የማይወድ እንዳለ አውቃለሁ። ተነሱና ተከራከሩኝ፤ እዚሁ ግን ይሁን፣ ጠላ ቤት አይሁን።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቀሩት አባሎቻችን ቤት እሄዳለሁ። በእያንዳንዱ ደጅ እደርሳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። ጉባኤው ተከፍቷል።